ስኳር፣ ጉበት እና ጠንከር ያለ ስፖርት፦ ከምርመራ እስከ 12ኛው ሳምንት

ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ሲነሳ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚጠራው ቆሽትን ነው። ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ሲለኩ መሣሪያው ለምን 160 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) እንደሚያሳይ የሚያስረዳው ግን በዋናነት ጉበት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስኳር ወደ ደም የሚለቀው እሱ ነው። ኢንሱሊን «በቃ፣ አቁም» ሲለው በደንብ አይሰማም። ለምን እንደማይሰማ ከሚያስረዱት ምክንያቶች አንዱ በጉበት ሕዋሶች ውስጥ ያለው ጫና ነው። ይህን ጫና ከሚያቃልሉ ነገሮች መካከል ደግሞ ጠንከር ያለ ስፖርት አለበት።

ጠንከር ያለ ስል እስኪዝለፈለፉ መልፋት ማለቴ አይደለም። ለአጭር ጊዜ መትጋት፣ መሃል ላይ ማረፍ፣ ከዚያ ሰውነት የሚያገግምበት ቀን መስጠት ማለቴ ነው። በእኔ ግምት ብዙ ሰው የሚሳሳተው በትጋቱ ሳይሆን በዕረፍቱ ላይ ነው። ይህ መመሪያም ከላቡ ይልቅ በላቡ ዙሪያ ስላሉት ነገሮች ብዙ ያወራል።

ጉበት ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

የጉበት ሕዋስ ትልቅ ፕሮቲን አምራች ነው። አልቡሚንን፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሮቲኖች፣ ስብ የሚሸከሙትን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው። ፕሮቲን ሲሠራ መጀመሪያ እንደ ረጅም ክር ነው የሚወጣው። አገልግሎት የሚሰጠው በትክክል ሲታጠፍ ብቻ ነው። የሚታጠፍበት ቦታ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ይባላል። ስሙ ምላስ ስለሚያስር ከዚህ በኋላ «ማጠፊያ ክፍል» እንበለው።

ሕዋሱ በስብ ሲጨናነቅ፣ በተለይ ፓልሚቴት የሚባለው የስብ ዓይነት ሲበዛበት፣ ማጠፊያ ክፍሉ ይታወካል። ያልታጠፉ ክሮች ይከመራሉ። ይህን የሚከታተሉ ሦስት ፕሮቲኖች አሉ፦ አይአርኢ-1፣ ፐርክ እና ኤቲኤፍ-6። ሰላም ሲሆን ጂአርፒ-78 የሚባል አጋዥ ፕሮቲን ይዟቸው ይቀመጣል። ክሮች ሲከመሩ አጋዡ ለማጠፍ ወደዚያ ይሄዳል፤ ሦስቱም ይነቃሉ። መጀመሪያ የሚያደርጉት ጥሩ ነገር ነው። አዲስ ምርት ይቀንሳሉ፣ አጋዥ ይጨምራሉ፣ የተበላሸውን ያስወግዳሉ።

መዘዙ የሚመጣው ጫናው ወራትና ዓመታት ሲቀጥል ነው። አይአርኢ-1 ጄኤንኬ የሚባል ኢንዛይም ያስነሳል። ጄኤንኬ ደግሞ የኢንሱሊን መልእክት የሚተላለፍበትን መስመር መንገድ ላይ ያሰናክለዋል። ይህ በወፍራም አይጦች ጉበት ላይ በግልጽ የታየው በ2004 ነው። በፐርክ በኩል ደግሞ ቾፕ የሚባል ፕሮቲን ይበዛል። ቾፕ ሲበዛ ሕዋሱ ራሱን ወደ ማጥፋት ይሄዳል። የሞቱ ሕዋሶች ቁጣ (ኢንፍላሜሽን) ይቀሰቅሳሉ፤ ቁጣው ሲቆይ ጠባሳ ይተዋል።

ስፖርት እዚህ ውስጥ በሁለት በኩል ይገባል። የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊንም ቢሆን ስኳር ከደም ይስባል። ስለዚህ ወደ ስብነት እንዲለወጥ ወደ ጉበት የሚሄደው ስኳር ይቀንሳል። ጉበት ውስጥ ደግሞ ኤኤምፒኬ የሚባለው የኃይል ተቆጣጣሪ ይነቃና ስብ መሥራቱን ገታ፣ ማቃጠሉን ከፍ ያደርጋል። ስቡ ሲቀንስ ማጠፊያ ክፍሉ ይተነፍሳል። ስብ የበዛበት መኖ በልተው ስኳር የያዛቸው አይጦች ለሳምንታት ሲሠሩ ጉበታቸው ውስጥ ያሉት የጫና ምልክቶች፣ ቾፕን ጨምሮ፣ ሲቀንሱ ታይቷል።

ሰው ላይ ይህን በቀጥታ ለማየት ከጉበት ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው አብዛኛው ቀጥተኛ ማስረጃ ከአይጥ የመጣው። ሰው ላይ የሚለካው የጉበት ስብ ነው፤ በኤምአርአይ በደንብ ይታያል። በ2016 በወጣ ጥናት ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለ12 ሳምንት፣ በጂም ብስክሌት እየተጉና እያረፉ ሠርተው የጉበት ስባቸው ከነበረበት ከሢሶ በላይ ቀንሷል። ክብደት ብዙ ሳይቀንስም የጉበት ስብ ሊቀንስ ይችላል። ሚዛኑ ንቅንቅ አልል ብሎ ተስፋ ለቆረጠ ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ያልለመደ ሰውነት በአንድ ቀን እስኪደክም ሲሠራ እነዚያው የጫና ምልክቶች ለጊዜው ከፍ ይላሉ። ጥቅሙ የሚመጣው ሕዋሱ አገግሞ ለሚቀጥለው ሲዘጋጅ ነው። ማገገሚያ ካላገኘ ጫና በጫና ላይ ይሆናል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ከዚህ ነጥብ ነው የሚነሱት።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ሐኪም፣ በኋላ ጫማ

ፈጣን እርምጃ ለመጀመር የማንንም ፈቃድ አያስፈልግም። ልብን የሚያስደልቅ ነገር ለመጀመር ግን ሐኪም ያማክሩ፤ በተለይ ዕድሜዎ ከ40 ካለፈ፣ ስኳሩ ከቆየብዎት፣ ግፊት ወይም ኮሌስትሮል ካለብዎት ወይም የሚያጨሱ ከሆነ። አንዳንዱ ሰው የልብ ምርመራ ይታዘዝለታል።

ዓይንዎን በቅርቡ ካልታዩ ይታዩ። በረቲና ላይ አዳዲስ ደካማ የደም ሥሮች ካበቀሉ ከባድ ስፖርት ደም ሊያፈስ ስለሚችል መጀመሪያ መታከም አለበት። እግር የሚደነዝዝ ከሆነ ከሩጫ ይልቅ ብስክሌት ወይም ዋና ይሻላል። ቁስል ካለ ደግሞ እስኪድን ውኃ ውስጥ አይገባም። ጉበቱ ወደ ሲሮሲስ (ጠባሳ በዝቶ መጠጠር) የደረሰ ሰው ይህን መመሪያ ይዞ ብቻውን አይጀምር። የምግብ ቧንቧው ውስጥ ያበጡ የደም ሥሮች ሊኖሩ ስለሚችሉ ትንፋሽ ይዞ ከባድ ዕቃ ማንሳት አደገኛ ነው።

ደረጃ 2፦ መነሻዎን ይወቁ

ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልጉት ምርመራዎች ውድ ወይም የተወሳሰቡ አይደሉም። የሦስት ወር ስኳር (ኤችቢኤዋንሲ፣ ያለፉትን ወራት አማካይ የሚያሳየው)፣ የጉበት ኢንዛይሞች ኤኤልቲ እና ኤኤስቲ፣ የደም ቆጠራ (ፕላትሌት የሚባሉትን ደም የሚያረጉ ሕዋሶች ብዛት ለማወቅ)፣ የኩላሊት ምርመራና ኮሌስትሮል። አልትራሳውንድ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መጠነኛ ስብ ሊያመልጠው ይችላል። «አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው» ማለት የግድ ስብ የለም ማለት አይደለም።

ከእነዚህ ውጤቶች ራስዎ የሚያሰሉት ፊብ-4 የሚባል ቁጥር አለ። ጉበት ላይ ጠባሳ የመኖሩን ዕድል ይገምታል። ዕድሜን በኤኤስቲ ያባዙ። ከዚያ ፕላትሌትን በኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ያባዙ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ።

ምሳሌ እንውሰድ። ዕድሜ 54፣ ኤኤስቲ 38፣ ኤኤልቲ 49፣ ፕላትሌት 240። 54 በ38 ሲባዛ 2052። የ49 ስኩዌር ሩት 7 ነው፤ 240 በ7 ሲባዛ 1680። 2052 ለ1680 ሲካፈል 1.22። ከ1.3 በታች ስለሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው መለያው በ1.3 ፋንታ 2.0 ነው። ከ2.67 በላይ ከሆነ የጉበት ሐኪም ማየት የግድ ነው። መሃል ላይ ያለ ሰው ፋይብሮስካን (የጉበትን መጠጠር የሚለካ መሣሪያ) የመሰለ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል።

አሁን ብዙ ሰው ያላግባብ የሚደነግጥበት ነገር። ኤኤልቲ እና ኤኤስቲ ጉበት ውስጥ ብቻ አይደሉም፤ ጡንቻ ውስጥም አሉ፤ በተለይ ኤኤስቲ። ቅዳሜ ያልለመደውን ክብደት ሲያነሳ የዋለ ሰው ሰኞ ደም ቢሰጥ ሁለቱም ከፍ ብለው ሊመጡ ይችላሉ። በአንድ ጥናት ጤነኛ ወንዶች ክብደት አንስተው ኢንዛይሞቻቸው ሳምንት ሙሉ ሳይወርዱ ቆይተዋል። ወረቀቱን ያየ ሰው «ስፖርቱ ጉበቴን ጎዳው» ብሎ ሊያቆም ይችላል። እንዲህ ከሆነ ሐኪሙ ሲኬ የሚባለውን የጡንቻ ኢንዛይምና ጂጂቲ የሚባለውን የጉበት ኢንዛይም ጨምሮ እንዲያይ ይጠይቁ። ሲኬ አብሮ ከፍ ብሎ ጂጂቲ ባለበት ካለ ምንጩ ጡንቻ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከሁሉም የሚቀለው ግን ደም ከመስጠትዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ከከባድ ስፖርት መቆጠብ ነው።

ደረጃ 3፦ መድኃኒትዎን ከስፖርቱ ጋር ያስታርቁ

ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ አይወርድም ማለት ይቻላል። ኢንሱሊን፣ ግሊቤንክላሚድ ወይም ግሊሜፒራይድ የሚወስድ ግን ሊወርድበት ይችላል፤ ያውም ስፖርቱን በሠራበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ሌሊት ተኝቶ። መጠኑን ማስተካከል የሐኪም ሥራ ነው። በራስዎ አይቀንሱ፣ ነገር ግን ስፖርት ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁ።

ኢምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን የሚወስድ ሰው ስኳር በሽንቱ ስለሚያስወጣ ውኃም አብሮ ይሄዳል። በሙቀት ሠርቶ በቂ ካልጠጣ ይዞርበታል። እህል ሳይበሉ ረጅም ሰዓት መሥራትም ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር አይሄድም፤ ስኳር ከፍ ሳይል ደም አሲድ ሊሆን ይችላል። አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል ወይም ቢሶፕሮሎል የሚወስድ ደግሞ የልብ ምቱ ስለማይፈጥን ትጋቱን በልብ ምት መለካት አይችልም። ስኳር ሲወርድ የሚመጣው የልብ መደለቅም ሊደበቅበት ይችላል።

ደረጃ 4፦ አራት ሳምንት መሠረት

ይህን ደረጃ መዝለል ያምራል። አይዝለሉ። ለአራት ሳምንት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይራመዱ። እያወሩ መሄድ ይችላሉ፣ መዝፈን ግን አይችሉም፤ ልኩ ይህ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት፣ ደረጃ መውጣት ይጨምሩ። ጅማትና መገጣጠሚያ ከሳንባ ይልቅ ቀስ ብለው ነው የሚጠነክሩት። በሦስተኛው ሳምንት «እኔ እኮ ጠንክሬያለሁ» ብሎ የሮጠ ሰው ጉልበቱን ይዞ ወር ይቀመጣል።

መራመዱ ራሱ ለጉበት ይሠራል። ከባዱን መቀጠል የማይችል ሰው እዚሁ ቢቆይ ምንም አይጎድልበትም። በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ፣ ሁለቱም በመመሪያዎች ተቀባይነት ያላቸው ናቸው። ጠንከር ያለው ጥቅሙ ጊዜ መቆጠቡና የልብና የሳንባን አቅም ይበልጥ ማሳደጉ ነው።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ከባድ ቀን፣ ደቂቃ በደቂቃ

ከተመገቡ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በኋላ ይሁን። በ2019 በወጣ አነስተኛ ጥናት ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው ወንዶች ይህንኑ ዓይነት ስፖርት ከሰዓት ሲሠሩ ስኳራቸው ወርዷል፤ ጠዋት ሲሠሩ ግን ከፍ ብሏል። ከሰዓት የሚመችዎት ከሆነ ከሰዓት ያድርጉት። ጠዋት ብቻ ከተመቸዎት ግን ጠዋት ይሥሩ፤ የማይሠራበት ምርጥ ሰዓት ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ ስኳርዎን ይለኩ። ኢንሱሊን፣ ግሊቤንክላሚድ ወይም ግሊሜፒራይድ የሚወስዱ ከሆነና ከ90 በታች ካነበቡ (በሚሊሞል ለሚለካ 5) 15 ግራም ያህል ስኳር ያለው ነገር ይቅመሱ። ከ250 በላይ ከሆነና ውኃ ጥም፣ ማቅለሽለሽ ወይም ድካም ካለ ኪቶን (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚወጣው አሲድ) ይታይ፤ ኪቶን ካለ ስፖርት የለም። ከ300 በላይ ከሆነ ደህና ቢሰማዎትም ያን ቀን ቀለል ያለውን ይምረጡ። እግርዎን ይዩ፣ ካልሲዎ ስፌቱ የማይቆረቁር ይሁን፣ ውኃ ይያዙ። ኪስዎ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ ይኑር።

ቦታው ዳገት፣ ደረጃ፣ ትሬድሚል ወይም የጂም ብስክሌት ሊሆን ይችላል። ለጀማሪ ብስክሌቱን እመርጣለሁ። መውደቅ የለም፣ ጉልበት አይመታም፣ ማቆምም ቀላል ነው።

ስምንት ደቂቃ ቀስ ብለው ያሙቁ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ትንሽ ከፍ ያድርጉት። ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ይትጉ። ትጋቱ ምን ያህል ነው? ሦስት ወይም አራት ቃል ተናግረው ትንፋሽ መውሰድ የሚኖርብዎት ያህል። ከ10 ቢሰጡት 7 ወይም 8። በልብ ምት የሚሄድ ሰው ዕድሜውን በ0.7 አባዝቶ ከ208 ይቀንስ። ለ54 ዓመቱ ሰው 170 ይመጣል፤ የዚያ 85 በመቶ 145 አካባቢ ነው። የመጀመሪያው ዙር ላይ ምቱ እዚያ ላይደርስ ይችላል። ለማድረስ ብለው አይሽቀዳደሙ፤ በሦስተኛው ዙር ራሱ ይደርሳል።

ከዚያ ሁለት ደቂቃ ያርፉ። ማረፍ ማለት ዝም ብሎ መቆም አይደለም። ፔዳሉን ቀስ ብለው ያዙሩ። በድንገት ቀጥ ካሉ ደም እግር ላይ ይቀርና ይዞርብዎታል። ሁለቱ ደቂቃ ሲያልቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው ይናገሩ። ሳይቆራረጥ ከወጣ ይቀጥሉ፤ ከተቆራረጠ አንድ ደቂቃ ይጨምሩ። በመጀመሪያው ቀን አራት ዙር ይበቃል። ሲጨርሱ አምስት ደቂቃ ቀዝቀዝ ያድርጉ። ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ደረት ላይ መጨነቅ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ መፍዘዝ፣ ከልክ ያለፈ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው ያቁሙ፤ እርዳታ ይጥሩ። መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብና ድንገተኛ ርሃብ ከሆነ ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ስኳር ይውሰዱ፣ 15 ደቂቃ ቆይተው ደግመው ይለኩ።

ደረጃ 6፦ ሲጨርሱ ስኳሩ ከፍ ቢልስ?

ከፍ ሊል ይችላል፤ ጀማሪን የሚያስከፋውም ይህ ነው። «ላቤ ጠብ እስኪል ሠርቼ 30 ጨመረ!» ይላል ሰው። በከባድ ትጋት ጊዜ አድሬናሊን ይነሳል፤ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ለጡንቻ ይለቃል። ጡንቻው ሁሉንም ወዲያው ስለማይጨርሰው ትርፉ ደም ውስጥ ይታያል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይወርዳል። ይህን ለማውረድ ተጨማሪ ኢንሱሊን መውሰድ በኋላ ከመጠን በላይ ሊያወርድ ይችላል።

መመዘን ያለበት በማግሥቱ ጠዋት የሚነበበው ነው። ኢንሱሊን በተሻለ የሚሠራበት ጊዜ ከስፖርቱ በኋላ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ከሁለት ቀን በላይ በተከታታይ ያለ እንቅስቃሴ አይለፉ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ደረጃ 7፦ ሳምንቱን ማደላደል

ከባዱ በሳምንት ሁለት ቀን ይጀምር፣ ከሦስት አይለፍ። በሁለት ከባድ ቀናት መካከል ቢያንስ አንድ ቀን ይግባ። ሰኞና ሐሙስ ከባድ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ክብደት፣ ሌሎቹ ቀናት መራመድ ብለው ማደራጀት ይችላሉ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ዙር ይጨምሩ፣ እስከ ስምንት ወይም አሥር። ዙር ሲጨምሩ ፍጥነት አይጨምሩ። አንዱን ብቻ።

እንቅልፍ ካነሰ፣ ጉንፋን ከያዘዎት ወይም ጠዋት የልብ ምትዎ ያለወትሮው ከፍ ካለ ከባዱን ቀን ወደ ነገ ያሻግሩት። ከስፖርት በኋላ አልኮል መጠጣት ጉበትን ያጣድፈዋል፤ ስኳርም ሌሊት ሊያወርድ ይችላል። ለጡንቻ ሕመም ፓራሲታሞል በየቀኑ መዋጥ ካስፈለገዎት መድኃኒቱን ሳይሆን ስፖርቱን ይቀንሱ። «ጉበት ያጸዳል» ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄትና ቅጠል ይተዉት፤ አንዳንዱ ራሱ ጉበት የሚጎዳ ነው።

ሽንት ጥቁር ቡና ከመሰለና ጡንቻ ካበጠ ጡንቻ እየፈረሰ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ዓይን ቢጫ ከሆነም እንደዚያው።

ደረጃ 8፦ በ12ኛው ሳምንት ምን ይታያል?

ከከባድ ስፖርት አንድ ሳምንት አርፈው የመጀመሪያዎቹን ምርመራዎች ይድገሙ። በዚያ ሳምንት መራመድ አይከለከልም። ከሦስት ወር ስኳር ብዙ አይጠብቁ፤ በስፖርት ብቻ ሲሆን ለውጡ ብዙውን ጊዜ መጠነኛ ነው። የወገብ ዙሪያ፣ የጠዋት ስኳርና ትራይግሊሰራይድ (የደም ስብ) ቀድመው ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ። ኤኤልቲ መጀመሪያም ደህና ከነበረ ላይለወጥ ይችላል፤ ይህ ስቡ አልቀነሰም ማለት አይደለም።

ሁሉም ባለበት ከቆመ መጀመሪያ የሚታየው ምግብ ነው፤ በተለይ ጣፋጭ መጠጥ። ቀጥሎ ስንት ሳምንት በእርግጥ እንደተሠራ ይቆጠራል፤ በጉንፋንና በሥራ ብዛት ከ12ቱ አምስቱ ያመለጡበት ሰው ገና መሃል ላይ ነው ያለው። ሁሉም ተሟልቶ ኢንዛይሞቹ አሁንም ከፍ ካሉ ወይም ፊብ-4 ካደገ፣ ዙር ከመጨመር በፊት ወረቀቶቹን ይዞ ሐኪም ዘንድ መመለስ ይቀድማል። ጉበትን የሚያስቆጣው ስብ ብቻ ላይሆን ይችላልና ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ መመርመራቸውን ይጠይቁ።